በስማቸው የሄደው

በካሮልተን ከተማው የኩላሊት እጥበት ክፍል የመስኮት ዳሯን ወንበር እማማን ማንም አይቀማቸውም። ነጭ ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር ሸብ አድርገው፣ መርፌ ባልገባበት እጃቸው የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ቴሌቪዥኑ ሰውን አባዝቶ ሌላ ዓለም ላይ ስለማስፈር ሲያወራ፣ ነርሷ ሔራን እየሳቀች፣ "እማማ፣ ማለቴ፣ ኮፒዎን ሠርተው ማርስ ቢልኩት፣ እርስዎ ሄዱ ማለት ነው?" አለቻቸው።

"እኔ ከዚህ ማሽን መራቅ ስለማልችል ልጄ በስሜ ሐጅ አድርጎልኛል" አሉ። "ምንዳው የኔ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ካዕባን ያየው ግን የሱ ዓይን ነው።"

ስልካቸውን ከፈቱ። ልጁ ፎቶው ላይ ፈገግ ብሎ ቆሟል፤ ቁርጥ እናቱን። ካዕባ ከትከሻው ጀርባ በጥቂቱ ይታያል።

እሳቸው ካዕባው እንዲታያቸው ዞር በል የሚሉት ያህል፣ በጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ጎን ይገፉታል።