ዝም ያሰኘሁት የሽኮኮ ዘበኛ

የዱር እንስሳ ካመነህ ልብህ ንጹሕ ነው ይባላል። አይደለም። ካመነህ ጎመን ሰጥተኸዋል ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አያሳይም።

ቤቴ ከዓይደር ሰፈር አልፎ፣ ባጃጅ ነጂዎች «ከዚህ በኋላ በእግርህ» ከሚሉበት ቦታ ራቅ ብሎ፣ ድንጋያማ ተረተር ሥር ነው። በኩሽናው መስኮት የሽኮኮ መንደር ይታየኛል። ጅራት የሌላቸው፣ ጥንቸል የሚያህሉ፣ ፊታቸው ሁልጊዜ የተቀየመ የሚመስል ፍጥረቶች ናቸው። እናቶቹ ልጆቻቸውን አንድ ላይ ያውላሉ፤ ግልገሎቹም ባገኟት ጀርባ ላይ ይወጣሉ፣ የማንም እናት ትሁን። እንሽላሊቶች በዚያው ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የሚገፋቸው የለም። ከሁሉ ከፍ ያለው ድንጋይ ላይ ደግሞ አንድ ዘበኛ ይቀመጣል። ሌሎቹ ሲግጡ እሱ አይበላም። ንስር፣ ውሻ ወይም ሰው ሲያይ በቀጭኑ ይጮኻል፤ መንደሩ በሙሉ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል።

እኔንም ሲያይ ይጮኽ ነበር። አናደደኝ። በሰውና በተፈጥሮ መካከል ስላለው ሰላም ስንት ገጽ የጻፍኩ ሰው ከውሻ ጋር መቆጠሬ ከበደኝ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የጥቅል ጎመን ቅጠል አጥሩ ሥር አስቀምጬ ዝም ብዬ መቀመጥ ጀመርኩ።

በትግርኛ አደይ፣ እናቴ፣ የምላቸው፣ እሳቸውም ወደይ፣ ልጄ፣ የሚሉኝ አሮጊት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይስቁብኝ ነበር፤ ሽኮኮን ጊሐ ነው የሚሉት።

«ወደይ፣ ዛሬም ለጊሐ ቁርስ?»

«መተማመን እየፈጠርን ነው፣ አደይ።»

«ኧረ? ሚስትህ ጎመኑ የት ገባ ስትል ምን ልትላት ነው? መተማመን በላው?»

ክረምቱ ሲያልፍ ዘበኛው ዝም አለ። አየኝና ፊቱን አዞረ። የተሸለምኩ ያህል ተሰማኝ። ሮማናት ካፌ ተቀምጬ ለወዳጆቼ አወራሁ፤ አንዳንዶቹንም አምጥቼ አሳየሁ። ለእነሱም አልጮኸም። ያኔ መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ፎቶ አነሳሁ።

በቅርቡ አንድ ድንጋይ ፈላጭ ውሻውን አስከትሎ በተረተሩ በኩል አለፈ። ዘበኛው ሰውየውን አየና ዝም አለ። ሰው ማለት ጎመን ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ውሻው ከሰውየው ኋላ ሲወጣ ጮኸ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ትልልቆቹ ገቡ። ሁለት ግልገሎች ሳይደርሱ ቀሩ። ሰውየው ውሻውን እየሰደበ ተከትሎ ሮጠ፤ እሱ ምንም አላጠፋም። እኔ ብርጭቆዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር።

ለአደይ ስነግራቸው አልሳቁም። «አይዞህ» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ሰው ክፉ መሆኑን አሁን ማን ይነግራቸዋል?» አሉኝ።

እየሞከርኩ ነው። ገና የተረፉ ግልገሎች አሉ፤ ውሻውም መንገዱን ለምዷል። ጠዋት ወጥቼ አጨበጭባለሁ፣ ቆርቆሮ እመታለሁ። ትናንት ጠጠር ወረወርኩ። ሳትኩ፤ የሳትኩትም ሆን ብዬ ነው፣ ለዚህ እንኳ ወኔ የለኝም። ዘበኛው ከድንጋዩ ወርዶ ጠጠሩን አሸተተ። ጎመን መስሎት ነው። እናቶቹም ግልገሎቻቸውን በጀርባቸው አድርገው ወደ አጥሩ ቀረቡ፤ ቁርስ ዘገየ ብለው ዐይን ዐይኔን ያዩኛል።

እኔን ከእንግዲህ አይፈሩኝም፤ ሌላ ሰው ያስፈልጋቸዋል። በዚህ በኩል ካለፍክ ቅጠል አትያዝላቸው። ቁጭ ብለህ አታባብላቸው። እስኪጠሉህ ድረስ ጩኽባቸው።