ሰላምታ የሚሰጠው ኮምፒውተር

ባለፈው ነሐሴ ከደብረ ታቦር ስመለስ ሚኒባሱ ወረታ መገንጠያው ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ትኩስ የበቆሎ እሸት ጥብስ ገዝቼ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከባጃጆቹ ባሻገር የሩዙ ማሳ ውኃ ተኝቶበታል፤ ሴቶችና ልጆች አጎንብሰው ያርማሉ። ይህን ሳይ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ያሳለፍኩት ክረምት ትዝ አለኝ። ትዝታ ከተባለ ነው እንጂ፣ ከዚያ ክረምት የቀረልኝ ጥቂት ነው።

እናቴ ግንቦት ላይ ሞታ ነበር። ፀጉሬን ተቆርጬ ጥቁር ለበስኩ፤ እንባ ግን እምቢ አለኝ። ለቅሶ የሚደርሱ ሴቶች "አልቅሺ እንጅ፣ ይውጣልሽ" እያሉ ይነዘንዙኛል። እኔ የምበላው ጨው ይኑረው አይኑረው እንኳ አይታወቀኝም ነበር። ከዚያ ቤት ያወጣኝ የክፍል ጓደኛዬ ሰኢድ ነው፤ የባለሱቅ ልጅ፣ አንደበቱ የማር። የትምህርት ቤታችንን ኮምፒውተሮች አስፈቅዶ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ኮዲንግ ማስተማር ጀመረ፤ እኔንም ጎትቶ አስገባኝ። የታዘዝኩትን እሠራለሁ፣ ሲመሽ እሄዳለሁ። ከኮምፒውተሮቹ ብዙም የተለየሁ አልነበርኩም።

ከልጆቹ ሁሉ ጎበዟ ይታይሽ ነበረች። ከሜዳው መንደር እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ትመጣለች። አባቷ አያ ደምሌ ግን ሩዙን አረም ዋጠው ብለው ሊያስቀሯት ቆረጡ። ሰኢድ ለምኖ ለምኖ፣ መጥተው የሠራችውን እንዲያዩ አስማማቸው። ካልወደዱት ከማግስቱ ጀምሮ ውሎዋ ማሳ ነው።

የሠራችው ሰላምታ የሚሰጥ ፕሮግራም ነበር። ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፤ "እግዜር ይመስገን" ተብሎ ሲጻፍለት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ሌላ መልስ ካገኘ ያንኑ ይደግማል። እኛ አገር ደግሞ ለሰላምታ ሌላ መልስ ማን ይሰጣል? ቤቱ የተቃጠለበትም ሰው አስቀድሞ እግዜር ይመስገን ነው የሚለው።

አያ ደምሌ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ይታይሽ ጥያቄውን ታነብላቸዋለች፤ የሚሉትን ትጽፋለች። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሩዙ ተጠየቁ። ሲያበቃ ተነሡ።

"ይኸንማ ጎረቤቴም ይጠይቀኛል። ለዚህ ነው አረሙን ጥለሽ የምትሮጭ?"

ይታይሽ አቀረቀረች። ሰኢድ ጨነቀውና "ይቆዩ አያ ደምሌ፣ ሌላ ሰው ሲሞክረው ይዩት" ብሎ እኔን ወንበሩ ላይ ደነቀረኝ።

ኮምፒውተሩ ጤና እንዴት ነው አለኝ፤ እንደ ደንቡ መለስኩ። "ቤተሰብ እንዴት ነው?" አለኝ። ጣቶቼ "እናቴ ሞታለች" ብለው ጻፉ።

"ቤተሰብ እንዴት ነው?" አለኝ።

ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። መነሣት አቃተኝ፤ እየጻፍኩ፣ እየጠየቀኝ ቀጠልን።

"ምን ብላው ነው?" አሉ አያ ደምሌ። ይታይሽ አነበበችላቸው። ሽማግሌው ጥቁር ልብሴን አዩ።

"እግዜር ያጥናሽ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ይኸ ዕቃሽ ሐዘንተኛ ማናገር አያውቅም። እንዲህ ባለጌ እንደሆነ ትተሽው ልትሄጅ ነው? በይ ቁጭ ብለሽ አስተምሪው። አረሙን እኔና እናትሽ እንወጣዋለን።"

ይታይሽ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ተማረች። አባቷ በመጡ ማግስት እጄን ይዛ እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። እናቴ ሞታለች ብዬ ጻፍኩ። "እግዜር ያጥናሽ" አለና ቆመ። አልቅሺ አላለኝም፤ ሌላም አልጠየቀኝ። ከአጽናኞቼ ሁሉ ተናግሮ ዝም ያለልኝ እሱ ብቻ ነበር።

ዛሬም ለቅሶ ቤት ስገባ ያችኑ ቃል ብዬ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ዘመዶቼ ልበ ደረቅ ይሉኛል። ይበሉኝ። ለእናቴ የማለቅሰው እንባ እስካሁን አልመጣም።