በማር ሰም የተጠገነችው እንስራ

ገፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የገብስ ሽታ ነው። በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ እኛ ሴቶቹ የታሰርንበት ክፍል የእህል መጋዘን ነበር። ወንድምሽ ጫካ ገብቷል ብለው በእሱ ፋንታ እኔን ከቤት አወጡኝ። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ዓይኔን ሳሻሽ አንዲት አሮጊት፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ እዚህ ጋ አይጥ የለም» አሉኝ። ወዲያው ሌላ ድምፅ፣ «ውሸታቸውን ነው፣ አለ» አለ። ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ።

አሮጊቷ የጃናሞራ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ተረበኛዋ ደግሞ ከዳባት የመጣች፣ ጫጉላዋን ያልጨረሰች ሙሽራ ናት። ባሏ ከግቢው ማዶ የወንዶች ክፍል ታስሯል። መተያየት ክልክል ነው። ግን ጠዋት ጠዋት ጠባቂ ይዞን ወንዝ ወርደን ባለችን አንዲት እንስራ ውኃ እንቀዳለን፤ መንገዱም በወንዶቹ ክፍል ሥር ያልፋል። እሷ እንስራዋን አዝላ ስታልፍ እሱ ከውስጥ ይስላል፤ አጠር አጠር አድርጎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ያስረዝመዋል። ሳሉን የሰማች ቀን አታስቀምጠንም፤ ስትተርበን ትውላለች። በዚያ ሰሞን ከወንዶቹ ክፍል እየተጠሩ የማይመለሱ ነበሩና ባሏ በሕይወት ማደሩን የምታውቀው በሳሉ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ያደረው ውርጭ አንሸራተታት። እንስራዋ ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ተላተመች። «ወይኔ! አለቀልኝ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ገበያው ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ጠባቂው ሮጦ መጥቶ ወደ ውስጥ መለሰንና፣ «እንስራ ከሌለ መውረድም የለም። ከነገ ጀምሮ ውኃው በበርሜል ይመጣል፣ አርፋችሁ ተቀመጡ!» ብሎ ቆለፈብን።

እንስራዋ አንገቷም መቀመጫዋም ደህና ነው። ሆዷ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ገል ወልቋል፤ ከዚያም ወደ ታች ተሰንጥቃለች። ሙሽራዋ ገሉን ታቅፋ ተቀመጠች።

«ዛሬ አልሰማሁትም» አለች። «ነገም አልሰማውም።»

እኔ ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። «እንጠግናታለና!» አልኩ። «ነገ ጠዋት እንስራ ካለን ምን ሊሉን ነው?»

«በምን ልትጠግኚያት? በምራቅሽ?»

እማማ ከራስጌያቸው አንድ ቅል አወጡ። ልጃቸው ያመጣላቸው ማር ነው፣ ከነሰሙ ከነእንጀራው። ደረታቸውን ስለሚያማቸው በጣታቸው ጫፍ እየቀመሱ ቆጥበው ያቆዩት መድኃኒታቸው ነበር። እኛ ሽታው ሲያውደን ወደ ግድግዳው ዞረን ነው የምንተኛ።

«ብሉ» አሉ። «ማሩን ዋጡ። ሰሙን የዋጠች ግን ወዮላት!»

«ኧረ እማማ፣ ደረትዎስ?» አልኳቸው።

«ደረቴ እስከ ዛሬ ችሏል፣ ይቻላ! ብይ አልኩሽ አንቺ ልጅ!»

እንዴት ያለ ቀን ነበር! ክፍሉ ሙሉ ሴት አፏን ሞልታ ታኝካለች። ሽሮና ደረቅ እንጀራ የለመደ ምላሳችን ማር ሲነካው አንዷ አለቀሰች፣ አንዷ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝናት። የደባርቅ ብርድ ሰሙን ወዲያው ስለሚያደርቀው ከአፍ እንደወጣ በትኩሱ ስንጥቁ ውስጥ መጠቅጠቅ ነበረብን። ሙሽራዋ እንስራዋን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ «ቶሎ! ቶሎ! አንቺ ደሞ ዋጥሽው እንዴ?» እያለች እጇን ትዘረጋለች። ገሉን ወደ ቦታው መለስነው፤ ዙሪያውንም በሰም መረግነው። የተረፈችውን ውኃ ብንጨምርባት ጠብ፣ ጠብ አለች። ልባችን ስንጥቅ አለ። ከቅሉ ሥር የቀረውን ጠራርገን እንደገና አኘክን፣ እንደገና ጠቀጠቅን። እኔ መቀነቴን ፈታሁና ሆዷን ጥብቅ አድርገን አሰርናት። ውኃ ጨምረን ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ጠብ የሚል የለም። እሰይ! አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ከጠባቂው ኋላ ስብሰባ የሚጠራን ካድሬ ቆሟል። እንስራዋን አየና፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«ጠግነናት ነው፣ ጓድ» አልኩ፣ ምላሴ ይቆረጥና።

«ጥገና?» ፊቱ ተለወጠ። «ስንት ስብሰባ ተቀመጣችሁ? አብዮቱ ጥገናዊ ለውጥን አምርሮ እንደሚታገል አልተነገራችሁም? እኛ የምንፈልገው ሥር ነቀል ለውጥ ነው!»

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉ።

«የኔ ጌታ» አሉት፣ «ሥሯማ ደህና ነው። ምኗን እንነቅላለን? የተሰበረው ሆዷ ነው።»

ጠባቂው ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። እማማ አውቀው ይበሉት ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ካድሬው እማማን አየ፣ እንስራዋን አየ፣ «ሂዱ፣ ውረዱ!» ብሎ በእጁ አባረረን።

እኔ ከሙሽራዋ ኋላ ነበርኩ። የወንዶቹ ክፍል ጋ ስንደርስ እርምጃዋን ቀነሰች። ሳል የለም። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ አጠር፣ አጠር፣ ረዘም። እሷም፣ ያን ያህል ጊዜ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ የከረመችው ልጅ፣ ቀጥ ብላ ቆመችና ጠባቂው እያየ መልሳ ሳለች። «ቀጥይ!» አላት። ጉሮሮዋን ጠርጋ ስታበቃ ቀጠለች።

ከተፈታን በኋላ ከባሏ ጋር የታሰረ ሰው ነገረን። «አለቀልኝ» ያለችውን ሰምቶ፣ በዚያም ጠዋት ሳታልፍ ስትቀር፣ ገደሏት ብሎ እህል ሳይቀምስ አድሯል። በግድግዳቸው ጠባብ ቀዳዳ ሰው አይታይም፤ የሚታየው የታዘለው እንስራ ብቻ ነው። በማግስቱ ያ ቢጫ የሰም መስመር በቀዳዳው ሲያልፍ፣ «እንስራዋ ናት! ለካ የተሰበረችው እንስራዋ ናት!» እያለ ያገኘውን ሁሉ አቀፈ። መልሳ ስትስል ደግሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቆይቶ እሱም ተጠራ፤ አልተመለሰም።

አሁን ሁለታችንም ሸብተናል። ባለፈው ዳባት ሄጄ ቤቷ ስንጫወት፣ የልጅ ልጄ ስልኬ ላይ የላከችልኝን አሳየኋት። ጃፓኖች የተሰበረ ሸክላ በወርቅ ይጠግናሉ፤ ስንጥቁን አይደብቁትም፣ ጭራሽ ያስጌጡታል። «ሰሙን ለእኛ ትተው ወርቁን ወሰዱት በይኛ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ያን የወርቅ መስመር በጣቷ ተከተለችው፣ ደጋግማ።

«ይኼም ቢሆን በቀዳዳው ይታየው ነበር» አለች።