ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ

ታላቅ እህቴ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ በሀገረ ሕይወት ከተማ ስምንተኛ ክፍል ስትማር አንድ ቁጥር ልቧን ያዘው። መምህሯ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ከራሳቸውና ከአንድ በቀር እኩል የሚያካፍላቸው ስለሌላቸው ቁጥሮች፣ ሲያስተምሩ ከሁለት እስከ ዐሥራ ሦስት ያሉትን ብቸኞች እርስ በርስ አባዝተው አንድ ጨመሩበት። ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ሆነ። ከተባዙት በየትኛውም ቢካፈል አንድ ይተርፋል።

"እንግዲህ እሱም ብቸኛ ነው ማለት ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ከነዚህ የሚበልጥ ሌላ ቁጥር ያካፍለው እንደሆነስ? ሞክሪው" አሏት።

ከዚያ ወዲህ በዐሥራ ሰባት፣ በዐሥራ ዘጠኝ እያለች ስታካፍል ከረመች። ምስር ስትለቅም እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። አርባዎቹ ላይ እንደደረሰች ከጌዶ ሽማግሌ መጣ። ጠያቂው የከብት ነጋዴ ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው አባታችን፣ እናቴ "ፈተናዋን እንኳ ትጨርስ" ብትለው "ቃሌን ሰጥቻለሁ" አለ። እትዬ እያለቀሰች ሄደች።

በዓመቱ የወለደችው ሕፃን እንደሞተባት ሰማንና ከእናቴ ጋር በአውቶቡስ ጌዶ ሄድን። አማቷ "ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ ግቡ" እያሉ እጃችንን ይዘው አስገቡን። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። እናቴ ውሃ ልታሞቅ ስትወጣ ጠጋ አልኳት።

"እቱ፣ ብቸኛ አይደለም እኮ" አለችኝ በቀስታ።

"ምኑ?"

"ቁጥሩ። ሃምሳ ዘጠኝ ያካፍለዋል። አምስት መቶ ዘጠኝ ይደርሳል። እስቲ አባዢው።"

መደቡ ላይ በጣቴ አባዛሁ። ሃምሳ ዘጠኝ በአምስት መቶ፣ ሃያ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ፤ በዘጠኝ ደግሞ አምስት መቶ ሠላሳ አንድ።

"ልክ ነው፣ እትዬ!" ስላት ፈገግ አለች። ወዲያው ግን ትራሱን ነክሳ አለቀሰች።

ይህን ለመምህሯ ስነግራቸው "ዐሥራ ሰባትንም ጨምራ ታባዛና አንድ ትደምርበት። አምስት መቶ ዐሥር ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ አንድ ይሆናል። ይህን ውሰጂላት" አሉኝ።

ለገና ወሰድኩላት። ዳግመኛ አርግዛ ነበር፤ ፊቷ ገርጥቷል።

"ተይኝ እቱ፣ ደክሞኛል። አንቺ ሞክሪው" አለችኝ።

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሞከርኩት። ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ምንም ሳይተርፍ ተካፈለ። እሷ ብትሆን ገና ስትጀምር ታገኘው ነበር። ለፋሲካ ሄጄ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ፋሲካ ሳይደርስ በምጥ ሞተች።

መምህሯ ለቅሶ መጡ። አባቴ አጠገባቸው ተቀምጦ "መምህር፣ ልጄ ጎበዝ ነበረች?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ከሁሉም ትበልጥ ነበር።"

"ማንም አልነገረኝም" አለ አባቴ።

እናቴ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ አየችው።