ወደ ፖሊስ የሮጠው ሚዳቋ

ሃምሳ አለቃው ሲራመድ ያፏጫል። ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ሥራ ሲፈታ እንዲሁ ነው። ከገበያው ጀርባ፣ በተዘጋው ሲኒማ ቤት ዙሪያ ዕፅ የሚወስዱት ሰዎች ታዲያ "ፉጨት" የሚል ስም አወጡለት። ፉጨቱ ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም እግሬ አውጪኝ ይላል። እሱ ሲደርስ የሚያገኘው የሲጋራ ቁራጭና ገና ያልቀዘቀዘ የድንጋይ መቀመጫ ብቻ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ መጣሁ መጣሁ እያልክ እኮ ነው የምትሄደው" ትለዋለች ሚስቱ።

"ታዲያ አፌን ልስፋው?"

አልፎ አልፎ የሚይዘው አንድ ሰው ቢኖር፣ ከነሱው መሃል ሚዳቋ የሚሉት ወጣት ነበር። ቀውላላ ነው፤ አንዴ ከፈተለከ አቧራው እንጂ እሱ አይታይም። የሚያዘው ጫማው ሲከዳው ነው። ድሮ አስተናጋጅ ስለነበር ጣቢያ ሲገባ እንኳ ጠረጴዛውን በእጅጌው ጠረግ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ሃምሳ አለቃው ይመክረዋል፤ እሱም "እሺ ጋሼ" ይላል፤ ይለቀቃል፤ ከዚያ እንደገና ይሯሯጣሉ።

አንድ ቀን ሃምሳ አለቃው የቀትሩን ፀሐይ ሽሽት የዳቦ ቤቱን ጥግ ይዞ ሲያዘግም ሚዳቋ ከፊት ለፊቱ ብቅ አለ። ይሮጣል፤ የሚሮጠው ግን ወደ እሱ ነው። ሃምሳ አለቃው በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ስለማያውቅ እጁን ወደ ዱላው ሰደደ።

"ጋሼ፣ ልዕልት አትተነፍስም።"

"የቷ ልዕልት?"

"ከእኛ ጋር የምትውለው ልጅ። ሲኒማ ቤቱ ቲኬት መሸጫ ውስጥ ናት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሌሎቹ ፖሊስ ይመጣብናል ብለው ጥለዋት ሄዱ።"

ሃምሳ አለቃው ቦርጩን ደግፎ ተከተለው።

ቲኬት መሸጫዋ ከቁም ሳጥን ብዙም አትሰፋም። ልዕልት ግድግዳውን ተደግፋ ጭንቅላቷ ደረቷ ላይ ወድቋል፤ የሃምሳ አለቃውን ታናሽ እህት የምታክል፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ልጅ። ሃምሳ አለቃው ኪሱን በረበረ። ዕፅ በዝቶበት ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚመልስ፣ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት በሥልጠና ላይ ለፖሊሶቹ ታድሎ ነበር። ሥልጠናውን ግማሹን አንቀላፍቶበታል፤ መድኃኒቱን ግን ሚስቱ ዩኒፎርሙን ባጠበች ቁጥር እያወጣች መልሳ ስለምትከትለት ከኪሱ አልጠፋም።

ወደ ውጭ አውጥተው በጀርባዋ አስተኟት፤ ሃምሳ አለቃውም መድኃኒቱን ነፋላት። ከዚያ አገጯን ቀና አድርጎ በአፉ ትንፋሽ ይሰጣት ጀመር። ሚዳቋ በሃምሳ አለቃው ስልክ አምቡላንስ ይጠራል። "ማን ልበል?" ሲሉት "ከፖሊስ ጋር ነኝ" አለ፤ በሕይወቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ልዕልት አቃሰተች፤ ቆይታም ዓይኗን ገለጠች። ምስጋና የጠበቀ ሰው ካለ ተሳስቷል።

"ማነው የቀሰቀሰኝ?" አለች ፊቷን አጨፍግጋ። ከዚያ ዩኒፎርሙን አየች። "ልታስረኝ ነው?"

"መጀመሪያ ተንፍሺ፣ እህቴ። ሌላው ይደርሳል።"

ይህን ብሎ ሃምሳ አለቃው እዚያው አቧራው ላይ ዘፍ አለ።

አምቡላንሱ ይዟት ሲሄድ ሚዳቋ ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ።

"እጅህን ሰብስብ" አለው ሃምሳ አለቃው።

"አታስረኝም?"

"ራስህ ነህ የመጣኸው። እኔ መቼ አባረርኩህ?"

የጣቢያው አዛዥ ግን ነገሩን በቀላሉ አላለፈውም። "እጅህ የገባውን ሰው ትለቃለህ?" ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ።

"ጌታዬ፣ እሱን ባስረው ነገ ሌላ ሰው ሲወድቅ ማን ይጠራኛል?"

አዛዡ ብዙ ተቆጣ። ሲበርድለት ግን መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ የረሱት ፖሊሶች ሁሉ ይዘው እንዲወጡ አዘዘ።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ፉጨት ሰምቶ የሚሸሸው ሰው እየቀነሰ ሄደ። አንዱማ ስለ ጥርስ ሕመሙ ሲያዋየው ከሰዓቱን ፈጀበት። ሃምሳ አለቃው ሩጫው ስለቀረ ቦርጬ ባሰበት እያለ ለሚስቱ ያማርራል። ልዕልት የሱስ ሕክምና ክሊኒክ ገባች፤ አቋርጣ ወጣች፤ እንደገና ገባች፤ አሁን እዚያው ናት።

ሚዳቋ ግን ሲያመነታ ከረመ። አንድ ጠዋት መጥቶ "ጋሼ፣ ክሊኒኩ ድረስ ብትሸኘኝ" አለው። "ብቻዬን ከሆንኩ መንገድ ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ።"

"እንሂዳ።"

"ግን ከፖሊስ ጋር ያየኝ ሰው ተይዞ ነው ይላል።"

ሃምሳ አለቃው አሰበበት። ከዚያ አንዱ በዚህኛው፣ ሌላው በዚያኛው የእግረኛ መንገድ፣ መኪናው በመሃላቸው እያለፈ፣ እየተያዩ ሄዱ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ሚዳቋ ቆም ሲል ሃምሳ አለቃው ከማዶ በአገጩ "ቀጥል" አለው። ቀጠለ።