የሲጃራ ጾም

መተማ ላይ የታሰርኩት በሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ሰሊጡ ተጭኖ ከሄደ ወር አልፎት ነበር። ሚሊሻው በሩን ከፍቶ በትከሻዬ ሲገፋኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የቆየ ዘይት፣ የጆንያ፣ የአይጥ ሽታ። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ይንጣጣል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ለነፋስ የተተወች አንዲት ቀዳዳ ነበረች። በእሷ የሚገባው ብርሃን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተጓዘ ሰዓቱን ይነግረናል።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰማያዊ የሱዳን ቶብ የለበሱ የመተማ ሴት ናቸው። ሻይ ቅጠልና ስኳር በድንበሩ ሲያመላልሱ ተይዘው ነው የመጡት። እትዬ እላቸው ነበር። ሌላዋ ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎ የወረደች ወጣት ናት። ባሏ ከውትድርና ምልመላ ስላመለጠ፣ እሱ እጁን እስኪሰጥ ብለው እሷን ያዟት።

እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በአንድ የመንግሥት እርሻ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ተፈላጊ ሆኖ ነበርና ወደ ሱዳን ተሻገረ። ያሻገሩት በከተማው ሱቅ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ወንድሜን አህያ ነጂ አስመስለው፣ ከሸቀጣቸው ኋላ አስከትለው በጠራራ ፀሐይ ወሰዱት። ስድስት ልጆች ነበሯቸው። እኔ ስታሰር እሳቸው ሱቃቸውን እንደ ወትሮው ከፍተው ይሸጡ ነበር። መርማሪዎቹ የሚፈልጉት የእሳቸውን ስም ብቻ ነው።

ሌላም ነገር መናገር አለብኝ። ሲጃራ አጨስ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። በመኸር ጊዜ ከሹፌሮቹና ከትራክተር ነጂዎቹ ጋር እስከ ማታ ስንሠራ፣ ጭሱ ቢምቢ ያባርራል ብለው አስጀመሩኝ። ቢምቢው ሄደ፤ ሲጃራው ቀረ። በቀን አንድ ፓኮ ደርሼ ነበር። እናቴ ሳታውቅ ነው የሞተችው።

መርማሪው ግን በመጀመሪያው ቀን አወቀ። ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ፀጉሩን በደንብ የሚያበጥር፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር።

"ጣትሽ ቢጫ ነው" አለኝ።

እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩ።

"አይዞሽ፣ ለናትሽ አልነግርም።" ፓኮውን ገፋ አደረገልኝ። "አንድ ውሰጂ። የዛሬው የእንግዳ ነው። ለነገው ግን ስም ይዘሽ ትመጫለሽ።"

አጨስኩት። ከዚያ በፊት የቀመስኩት ነገር ሁሉ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

በማግስቱ እሱ እያጨሰ እኔን ቁጭ አደረገኝ። አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልጠየቀኝም። ጭሱን ወደ እኔ አይተፋም፤ ዝም ብሎ ያጨሳል። ዓይኔ ከሲጃራው ላይ አልተነቀለም። በመጨረሻ "ወንድምሽን ያሻገረው ማን ነው?" አለ።

"ነጋዴ ነው" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። በዚያው ቅጽበት አንድ ወታደር መጥቶ መርማሪውን ለስልክ ጠራው። ሲጃራውን መተርኮሻው ላይ ትቶ ወጣ። አነሳሁና ሳብኩት። ሲመለስ በእጄ ይዤው አገኘኝ። አልተቆጣም።

"ነጋዴ። ጥሩ ነው" አለ። "በሚቀጥለው ደግሞ የትኛው እንደሆነ ትነግሪኛለሽ።"

መጋዘኑ እንደገባሁ በሩ ሥር ተኛሁ። ውጭ የቆመው ሚሊሻ ያጨስ ነበር፤ ጭሱ በበሩ ሥር ይገባል። አፍንጫዬን ከስንጥቁ ላይ አድርጌ እየማግሁ ሳለ ዞር ስል እትዬ ያዩኛል። የወሎዋ ልጅም ታየኛለች።

"ወይ ጉድ! የመሥሪያ ቤት ሴት እንዲህ ናት?" አለች የወሎዋ።

"ዝም በይ አንቺ" አሏት እትዬ። ወደ እኔ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። "ምን አልሽው?"

የሆነውን ነገርኳቸው። ከጥፊም ከአለንጋም ይልቅ ሲጃራውን እንደምፈራው፣ ነገ ቢጠራኝ ስሙን እንደምናገር ነገርኳቸው። ስሙን ልጠራላቸውም ነበር መሰለኝ፤ አፌን በመዳፋቸው ያዙት።

"ለኔ እንዳትነግሪኝ። እኔም ሥጋ ነኝ" አሉ። ቀጥለውም "የኔ ሰውዬ በቀን ሁለት ፓኮ ያጨሳል" አሉ። "ረመዳን ሲገባ ግን ከጎህ እስከ መግሪብ አንዲት አይነካም። ሲጃራው ያው ሲጃራ ነው፣ ሰውየውም ያው ነው። ምን ተለወጠ? ንያ ያዘ። በልቡ ቆረጠ ማለት ነው።"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ፣ እትዬ።"

"እና ክርስቲያን አይጾምም? ሁለት ወር ሙሉ ሥጋና ቅቤ ትተዉ የለም ወይ? ሲጃራዋን ከቅቤው ጎን አስቀምጫት።"

"ልተው ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም።"

"ማን ተይ አለሽ? ለዘላለም ተውኩ ያለ ሰው በሁለተኛው ቀን ያብዳል። እስከ መግሪብ በይ።"

"ማታስ?"

"ማታማ እንደልብሽ አጭሺ።"

"ከየት አምጥቼ?"

"እሱ የአላህ ሥራ ነው" አሉ። የወሎዋ ልጅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከተያዝኩ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ጎህ ሳይቀድ እትዬ ትከሻዬን ይነካሉ። "ንያ ያዢ" ይሉኛል። እኔ በበኩሌ አባታችን ሆይ ደግሜ "እስከ ማታ" እላለሁ። ከመግሪብ በፊት የብርሃኗ ቁራጭ የምሥራቁን ግድግዳ ወጥታ ትጠፋለች። ከዚያ አዛኑ ይሰማል፤ መጀመሪያ ከገላባት፣ ከሱዳን በኩል፣ ቀጥሎ ከእኛ። በመካከላችን አንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ ነበር። እትዬ በገላባቱ አያስፈጥሩኝም ነበር፤ "የኛውን እንጠብቅ" ይላሉ። ከሲሚንቶው ስንጥቅ በጥፍራችን ቆፍረን ያወጣናትን ጥቂት ሰሊጥ በመዳፌ ያደርጉልኝና ውሃ ያቀብሉኛል። "አፍጥሪ። በይ አሁን ነፃ ነሽ፤ ካለሽ አጭሺ።" ቀልዱ በየማታው አንድ ነው። በየማታው እንስቅ ነበር።

መርማሪው ለብዙ ቀን አልጠራኝም። ያለ ሲጃራ እንድደርቅለት ብሎ ነበር። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን የከፉ ነበሩ። ላብ ያጠምቀኛል፤ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኛል። ሐሳብ መያዝ አልችልም። የሰው አተነፋፈስ ሳይቀር ያናድደኝ ነበር። በአራተኛው ቀን የወሎዋ ልጅ ምንጣፌን ረገጠች ብዬ ተነሳሁባት። ስገፈትራት የቀኑ ውሃችን የነበረበት ጣሳ ተደፋ። ሲሚንቶው ወዲያው ጠጣው። በዚያ ሙቀት እስከ ማግስቱ ሌላ ውሃ አይመጣም።

ሦስታችንም እርጥቡን ቦታ እያየን ቆየን። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ራስሽን ወዲህ አምጪ" አለችኝ።

"ምን ልታደርጊኝ?"

"ልሠራሽ ነዋ። አንቺ ሥራ ከፈታሽ ሰው ትገድያለሽ።"

ፀጉሬን ፈትታ ሹሩባ ጀመረች። የጠበቀ አሠራር ነበር፤ እንባዬ እስኪመጣ ትጎትተዋለች። ሆን ብላ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ብርሃኗ ከአንዱ ግድግዳ ተነስታ ሌላው ላይ እስክትደርስ ሠራችኝ። ሲያልቅ ወደ ኋላ ብላ አየችና "አሁን ሰው መሰልሽ፣ ጭሳሟ" አለች። በማግስቱ ፈታችውና እንደገና ሠራችው። እስክንለያይ ድረስ በየቀኑ እንዲሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን እንደዚያ የሠራልኝ የለም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ፓኮው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንድ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

"ጾም ላይ ነኝ" አልኩት።

"ምን?"

"ጾም ላይ ነኝ።"

ግራ ተጋብቶ አየኝ። "ዛሬ ማክሰኞ ነው" አለ። በአውራ ጣቱ የጣቶቹን አንጓ መቁጠር ጀመረ። "ነነዌ አልፏል፤ ዐቢይ ጾም ገና ነው..." ካለ በኋላ ድንገት ቆመ። የቆሎ ተማሪ እንደነበር ከአቆጣጠሩ ገባኝ። እንዳወቅሁበት እሱም አወቀ። ፊቱ ቀላ፤ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አስገባ።

"መቼ ነው የሚፈታው ይሄ ጾም?" አለ።

"ፀሐይ ስትገባ።"

መለሱኝ። እትዬ ሁሉንም ካስተረኩኝ በኋላ ራሳቸውን ያዙ።

"ምነው ልጄ! ሰዓቱን ነገርሽው?"

ጾም ሲጠየቁ የሚፈታበትን ሰዓት መናገር ልማድ ነው። አፌ በልማዱ ሄደ። ቀኑን ሙሉ እንደማይተወኝ እያወቅሁ ዋልኩ። እትዬም አውቀዋል። ጥቂት እንጀራ መጥቶልን ነበር፤ አልነኩትም። የወሎዋ ልጅ ሹሩባዬን ጨርሳ ጫፉን ቋጠረችና "በይ ሂጂ፤ ቢያንስ አምሮብሻል" አለችኝ።

ብርሃኗ የምሥራቁን ግድግዳ ስትይዝ ወሰዱኝ።

መርማሪው ወንበር ሰጠኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ሁለታችንም ጠበቅን። እሱም እንደ እኔ ጆሮውን ወደ ውጭ ጥሎ እንደሚያዳምጥ አየሁ። የገላባቱ አዛን ሲጀምር ክብሪት ጫረ። ሲጃራውን ለኮሰና የሚነደውን ጫፍ ወደ ራሱ፣ የሚያዘውን ወደ እኔ አድርጎ መተርኮሻው ላይ አስቀመጠው።

"አፍጥሪ" አለ።

ሽታው ደረሰኝ። በዚያ ጊዜ ስለ ወንድሜ አላሰብኩም፤ ስለ አብዮትም ስለ ፀረ አብዮትም አላሰብኩም። እኚያ ሽማግሌ ነጋዴ በዚያች ሰዓት ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው፣ ሱቃቸውን ዘግተው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መርማሪውም ሆነ እኔ የምንሰማውን አዛን እሳቸውም ይሰማሉ።

"ውሃ ቢሰጡኝ" አልኩ። እስከዚያ ቀን አንተ ብዬው አላውቅም፤ ያን ዕለትም አላልኩትም።

የራሱ ብርጭቆ ነበረች ጠረጴዛው ላይ። ገፋ አደረጋት። የእኛውን ጠበቅሁ። የእኛው መስጊድ ሲቀበል ጠጣሁ።

"ፈታሁ" አልኩት። "እግዜር ይስጥልኝ።"

"ሲጃራውስ?"

"ደህና ነው።"

"ስሙስ?"

"አላውቀውም።"

ሲጃራው ብቻውን ነደደ። አመዱ ረጅም ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ ጎንበስ አለና ወደቀ። ሁለታችንም እያየነው ነበር። ሲያልቅ ተነስቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን አልጽፈውም። በሌላው ሰው ላይ ከተደረገው የተለየ አይደለም። ስሙን ግን አላገኘም።

መጋዘኑ ስመለስ እንጀራው እንደተቀመጠ ነበር። እትዬ ፊቴን በቶባቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ምን እንዳልኩ አልጠየቁኝም። የወሎዋ ልጅ ቁራሽ ቆርሳ በአፌ አደረገችልኝ። አንድ ጉንጬ ስላበጠ ቀስ ብዬ አላመጥኩ።

በሳምንቱ እኔን ወደ ጎንደር ወሰዱኝ። ከሁለቱም ጋር በዚያው ተለያየን። እትዬን ከተፈታሁ በኋላ ብዙ ፈለግኋቸው፤ ገላባት ልጃቸው ዘንድ ገቡ አሉኝ። ስለ ወሎዋ ልጅ የሚያውቅ አላገኘሁም። ሲጃራውን በዚያው ተውኩት ብል ውሸት ይሆናል፤ ጎንደር እስር ቤት ሁለት ጊዜ አጭሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አላጨስኩም።

እስር ቤት ናፈቀኝ ማለት ነውር ነው። ብዙ ሰው እዚያ ቀርቷል። ነገር ግን አሁን በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው ጾም ሲፈታ ባየሁ ቁጥር የእነዚያ ሁለት ሴቶች ሳቅ ይመጣብኛል፤ ደስ ይለኛል።

ነጋዴውን ከተፈታሁ በኋላ አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። በሱቃቸው ደጃፍ ሳልፍ ተነስተው ቆሙና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔም ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ያረፉት ከብዙ ዓመት በኋላ በአልጋቸው ላይ ነው። ሰምቼ ከጎንደር ወረድኩ። ከለቀስተኞቹ ሴቶች ጋር ተቀምጬ ሳለ ትልቋ ልጃቸው መጥታ ከጎኔ ተንበረከከች።

"እናቴ፣ ይቅርታ፣ አላወቅሁዎትም" አለችኝ። "አባታችንን ከየት ያውቋቸዋል?"

"ደንበኛቸው ነበርኩ" አልኳት።

"ከጎንደር ድረስ ለዚህ መጡ?"

"ጥሩ ሰው ነበሩ" አልኳት።