ይታይሽ ያልቻለችው ኮምፒውተር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም ሻርሁ፣ ሰው አማሁ እያልሁ ዙሪያውን ስዞር ኖርሁ እንጂ ይህን አላልሁም። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ይቀለኛል።

ይታይሽ አበልጄ ናት። ልጄን ቁስቋም ላይ ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን እንሠራ ነበር፤ የአርማጭሆንና የጃናሞራን የሰብል መረጃ በወረቀት ካርድ ላይ በቀዳዳ ምልክት እየበሳን አዲስ አበባ ወዳለው ትልቁ ማሽን እንልካለን። ያ ማሽን ለብቻው አንድ ክፍል ይሞላል ይሉናል። ውጤቱ ሲመለስ ገበሬው ሌላ ዘርቷል።

ኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒውተር መጣልን። ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ሆዱ ውስጥ ግን የትልቁን ማሽን ፕሮግራም ፊደል ሳይለወጥ እንዲያስኬድ የተሠሩ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች ተሰክተውበታል። ሲገጥሙት እኔና ይታይሽ ጎን ለጎን ቆመን አይተናል። የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ። ተማማልን፤ ማናችንም ብንመረጥ «ሁለታችን ካልሆንን አይሆንም» ልንል።

በሳምንቱ የኮምፒውተሩን ቁልፍ አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ተንጠልጥሎ አየሁት።

«ምነው ይታይሽ?» አልኋት።

«እቴ፣ ወንበሩ አንድ ነው፤ ለሁለት ልፍለጠው?» ብላ ሳቀች።

ሳቀች! በልጄ ክርስትና የተሳሰርን ሰዎች አልነበርንም? መሐላ ለእሷ ምን ነበር?

ግን የእሷን ኃጢአት ልናዘዝ አልተነሳሁም።

ለቁስቋም በዓል እናቷን ደግፋ ስትሄድ ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። አመነችኝ። ክዳኑን ከፈትሁ። የከፈትሁት እኔ ነኝ። ከሰሌዳዎቹ አንዷን ከተሰካችበት ትንሽ ሳብ አደረግኋት። አልሰረቅሁም፣ አልሰበርሁም፣ ሳብ ብቻ። መልሼ ዘጋሁት።

ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይበራል፤ ደብዳቤም ይጽፋል። የትልቁን ማሽን ፕሮግራም ሲያዝዙት ብቻ እምቢ ይላል። ጨርሶ ቢሞት ባለሙያ ይጠራ ነበር። የሚበራ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ማን ያምናል? ይህንን አውቅ ነበር፤ አውቄ ነው ያደረግሁት። ይታይሽ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ ታገለች። ኃላፊያችን ከጀርባዋ ቆሞ አያትና «ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የጓድ ይታይሽ እጅ ነው» አለ። ቢሮው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ላይ መጋዘን እንድትጠብቅ አዛወሯት። ወንበሩ ለእኔ ሆነ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና ሰሌዳዋን ወደ ቦታዋ ተጫንኋት። ፕሮግራሙ ታዘዘልኝ። «ሸጋ! ድሮስ ላንቺ አልነበር!» አሉኝ። እንዴት አላፈርሁም? በቀጣዩ ክረምት እናቷ ሞቱ። መንገዱን ዝናብ ቆርጦት ስለነበር ይታይሽ ለቀብር አልደረሰችም። በእሷ ቦታ ለቅሶ የተቀመጥሁት፣ «እግዜር ያጥናሽ» የተባልሁት እኔ ነኝ።

ዓመታት አልፈው በልጄ ሠርግ ማግስት አጠገቤ ተቀመጠችና «አበልጅ፣ ያ ኮምፒውተር ምነው እኔን ብቻ ጠላኝ?» አለችኝ። መናገር እችል ነበር። «ዕድል ነው» አልኋት።

ዛሬ የይታይሽ ዓይን ደክሟል። እሁድ እሁድ ከቁስቋም ስንወጣ እጄን ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች። የዚያን ቀን ሳቋን ይቅር ብያለሁ ብል እዋሻለሁ። ቃሏን እሷ አፈረሰች፤ እሷን ግን ያፈረስሁ እኔ ነኝ፤ አንዱ ሌላውን አይክሰውም።

ይህን ጽሑፍ ልጄ ለክርስትና እናቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብላታለች። እኔም እዚያው እቀመጣለሁ። ማሪኝ አልልሽም። ዕድል አልነበረም፣ ይታይሽ። የታመመው እጅ የእኔ ነበር፤ እሁድ እሁድ የምትይዢው ይኸው እጅ ነው።